ፕላዝማው ሳያልቅ

መምህር ታረቀኝ በየቀኑ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የብረት ሳጥኑን ቁልፍ ፈትቶ ፕላዝማውን ይከፍታል። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ስለተሸፈኑ ስልሳ ሁለቱ ተማሪዎች በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ፊት ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ የላብና የጠመኔ ሽታ ይታመቃል፤ የፊዚክስ አስተማሪዋም ከስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ትፈጥናለች። ትምህርቱ በሳተላይት ስለሚመጣ ቆም በይ አትባልም፤ ያመለጠም አይመለስም። ስለዚህ ታረቀኝ አንድ ሕግ ነበረው፤ ፕላዝማው ሳያልቅ ማንም አይወጣም።

አንድ ቀን ወይንሸት ከሦስተኛው ዴስክ መሀል እጇን አወጣች። አስም ነበረባት፤ መድኃኒቷን ቤት ረስታለች። ታረቀኝ ከበሩ አጠገብ ሆኖ በመዳፉ አውርጂ አላት። ደግማ አወጣች፤ ደግሞ እንድታወርድ አዘዛት። ደወሉ ሲደወል ራሷ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ አረፈች።

ለቅሶ ቤት እናቷ ወይዘሮ አመለወርቅ እጁን ይዘው፣ «ምንም አላለችዎትም?» አሉት።

«ምንም» አለ። አብረውት የሄዱት ተማሪዎች መሬት መሬት አዩ።

በሳምንቱ፣ አስተማሪዋ ስክሪኑ ላይ አፏን እያንቀሳቀሰች ሳለ ሌላ ድምፅ ሰማ፤ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚገባ ንፋስ የቀጠነ፣ ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚረዝም።

«ደሳለኝ፣ ቀንሰው እስቲ» አለው የክፍሉን አለቃ።

«ቲቸር፣ ድምፁን ካጠፋሁት ቆየሁ እኮ። የሴትየዋ ድምፅ ራሱ አይሰማም።»

«ድሮስ ሰምተናት እናውቃለን?» አለ አንዱ ከኋላ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪዋ ጥያቄ ጠይቃ መልስ የምትጠብቅበት ዝምታ ቀን በቀን እየረዘመ ሄደ፤ ዓይኗም ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያርፋል። እዚያ የቀሩት ሁለት ልጆች መሀሉን ለቀው ጫፍና ጫፍ ተንጠልጥለዋል።

«ጠጋ በሉ እንጂ» አላቸው።

«አይቻልም፣ ቲቸር» አለች አንደኛዋ፣ ቀና ሳትል።

አላስጨነቃቸውም። ያንን አውርጂ ያለበትን መዳፉን ኪሱ ከትቶ ማስተማር ጀመረ፤ ሰው ሲጨብጠው እንኳ ያፍርበት ነበር። ለእናቷ እውነቱን ለመንገር ሁለት ጊዜ እስከ ግቢያቸው በር ሄዶ ተመልሷል።

ሐሙስ ዕለት ፕላዝማው እየሄደ ሳለ ወይዘሮ አመለወርቅ ራሳቸው መጥተው የክፍሉን በር ገፋ አደረጉ። የልጃቸውን ደብተር ሊወስዱ ነው ብሎ አሰበ። በሩ ላይ ሆኖ ተቀበላቸው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከኋላው ስልሳ አንድ ልጆች ጸጥ አሉ፤ ያ ትንፋሽ ብቻ ቀረ፣ አንገቱ ሥር የደረሰ ያህል ቀርቦ።

«ምነው በነገረችኝ ኖሮ፣ እናቴ» አለ። ያ ትንፋሽ ቆመ።

ወይዘሮ አመለወርቅ አልተቆጡም፤ በትከሻው አሻግረው ጨለማውን፣ ሦስተኛውን ዴስክ፣ ረጅም ጊዜ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ያወጣችው እጇ እኮ ዛለ፤ ይፍቀዱላትና ይዣት ልሂድ» አሉት።