ካምቢዮዋ ሳይገጠም የሄደችው ቮልስ

ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሰቆጣ ላይ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፣ ተማሪዎቼ ጋኔን አየን፣ የማይታይ ሰው ጠራን ሲሉኝ ጆሯችሁን ታጠቡ እያልኩ እስቅባቸው ነበር። ዛሬ ማንም ቢነግረኝ አልስቅም።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ባለቤቴ ዝናሽ የዋጉ ዝቋላ ልጅ ነበረች፣ ቤታችን ውስጥ የምናወራው አማርኛ ቢሆንም ስትደነግጥ የአገሯ ቋንቋ ኽምጣንጋ ይቀድማታል። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ሳይሰነብቱ ቀብረናል፣ በሁለተኛው ደግሞ ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው፣ ስለዚህ ሦስተኛውን ስታረግዝ ምጥ ሳይጀምራት ኮረም ሐኪም ዘንድ አደርሳታለሁ ብዬ ለእናቷ ቃል ገባሁ። የተማመንኩት ባሮጌዋ ቮልሴ ነበር።

መኪናዋ ደግሞ ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በዚያ ድንጋያማ መንገድ ሳንገላታት ሁለተኛ ማርሿ ተሰበረ፣ ቀጭ ቀጭ እያለች እንደምንም ቤት አደረሰችኝ። ሰቆጣ ያኔ ጋራዥ የሚባል አላውቅባትም፣ እኔ ግን ልጅነቴን ደሴ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ስላሳለፍኩ መፍታት አልፈራም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓሮ ውስጥ ድንጋይ ላይ ሰቀልኳት፣ የኋላ ጎማዎቿን አወለቅኩ፣ ሞተሩን አወረድኩና ካምቢዮውን ፈታሁት፣ ማርሾቹንና ኩሽኔታዎቹን በቤንዚን እያጠብኩ በየተራቸው ጆንያ ላይ ደረደርኳቸው፣ ከዚያ ቅያሪው ማርሽ በጭነት መኪና ከደሴ እስኪመጣልኝ መጠበቅ ያዝኩ።

ፋሲካ አልፎ፣ ረቡዕ ጠዋት ዝናሽ ነጠላዋን በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ መጣች።

«ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?» አለችኝ።

«የት ሄድኩ?»

«አሁን መኪናዋን ደጃፍ አቁመህ ነይ እንሂድ አልከኝ። ነጠላዬን ይዤ ስወጣ የለህም።»

እጄን አሳየኋት፣ እስከ ክርኔ ጥቁር ዘይት ነው። መሬት ላይ የተቀመጠውን ሞተር አሳየኋት። እሱን ትኩር ብላ አየችና በኽምጣንጋ አንድ ነገር ለራሷ አለች፣ ምን አልሽ ስላት ግን አልነገረችኝም። እኔም እርግዝናው ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ተውኩት።

ዓርብ ቅያሪው ደረሰልኝ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፣ ጥርሱ የረገፈውን ማርሽ መዳፌ ላይ አድርጌ ከአዲሱ ጋር ሳስተያይ ከደጃፋችን ሞተር ሲነሣ ሰማሁ። እመነኝ፣ ሰው የልጁን ሳል እንደሚለይ እኔም የቮልሴን ድምፅ እለያለሁ። አንደኛ ገባ፣ ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሲገባ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ያው የተሰበረው ጥርስ ድምፅ፣ የተሰበረው ማርሽ ደግሞ እኔ መዳፍ ላይ ነው። ዞር ብዬ አየሁ፣ መኪናዋ ድንጋይዋ ላይ ናት። ድምፁ ቁልቁለቱን ይዞ ራቀ።

ሮጬ ስወጣ ጎረቤታችን መሪጌታ ፈንታ፣ ለደብሩ ልጆች ዜማ የሚያስተምሩት ሽማግሌ፣ አጥራቸው ጥግ ቆመዋል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ረስተህ ተመለስክ?» አሉኝ።

«ከየት ነው የምመለሰው የኔታ?»

«አሁን ይዘሃት አላለፍክም? በሰላም ያግባችሁ ብዬ ብመርቃችሁ ዞር ብላችሁም አላያችሁኝ።»

መሪጌታ የሚቀልዱ ሰው አይደሉም። ወደ ቤት በረርኩ። ዝናሽ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ተመለስን እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሠራሁ እኔም አላውቅም፣ ካምቢዮውን ገጠምኩ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ጠርቼ ሞተሩን መለስን፣ ስሞክራት ሁለተኛው ማርሽ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ሰኞ ጠዋት ዝናሽን እንሂድ አልኳት።

«እዚያች ውስጥ አልገባም» አለችኝ።

«ለምን?»

«አንዴ ሄጃለሁ።»

ወዳጄ፣ ልለምናት እችል ነበር፣ እናቷን አስጠርቼ ላስመክራት እችል ነበር። አላደረግኩትም። ለሌላ ሰው ሳወራ ፈቃዷን አክብሬ ነው እላለሁ፣ ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ መሪውን መያዝ ፈርቼ ነው፣ ያ በምንም የማያምነው ሰውዬ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ምጥ ያዛት፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሴት ልጅ ወለደች፣ ልጅቱ ደህና ነበረች፣ ደሙ ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ቶሎ ውሰዷት ስትል ያኔ ፍርሃቴ ጠፋ፣ መኪናዋን ደጃፍ አምጥቼ፣ በሯን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ተሸክመው እስኪያወጧት ስጠብቅ ከቤት ውስጥ ለቅሶው ተነሣ።

ከአርባዋ በኋላ መሪጌታን ብቻቸውን አግኝቼ ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ ያን ዓርብ መሪውን ይዤ ያዩት እኔን ነው? ፊቴን አይተውታል?»

መቋሚያቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ።

«ዝናሽን አይቻለሁ ልጄ። አንተ ነህ ያልኩት መኪናዋን ሌላ ማን ይነዳታል ብዬ ነው እንጂ፣ የያዘውን ሰው ፊት አላየሁም።»

ያ ነገር ሊወስዳት መጥቶ እንደሆነ፣ ወይስ ቶሎ ውሰዳት ሊለኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ልጄ አሁን ትልቅ ሰው ናት፣ እናቴን ለምን ሐኪም ዘንድ አላደረስካትም ብላ አንዳንዴ ትጠይቀኛለች፣ እኔም መንገዱ ክፉ ነበር እላታለሁ።