የሰሊጥ ማበጠሪያውን ማን አስነሳው?

ኢንስፔክተር የሻረግ በቀጭን ብሩሽ ከሰርኪቱ ላይ የሰሊጥ ገለባ ትጠርግ ነበር። ሰርኪቱ ሸሕዲ ከሚገኝ መጋዘን፣ ከሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን የወጣ ነው። ትናንት ቀትር ላይ ማሽኑ በድንገት ተነስቶ የሞተሩን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ ሲያጸዳ የነበረውን ሸጋውን ገደለው። ያኔ ማስነሻው አጠገብ የቆመው ደሞዝ ብቻ ነበር፤ ለአጨዳ ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ። ጠዋት ከሟቹ ጋር ስለተጣላ ወዲያው ታሰረ።

«ምን አጣላችሁ?» አለችው ደሞዝን።

«'የደጋ ዶሮ ሙቀት አትችልም' አለኝ። እኔም 'አንተን ቆላው ራሱ ይብላህ' አልሁት።» ካቴናውን እያየ አቀረቀረ። «በላው። አፌን እንጂ እጄን አላነሳሁም፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት።»

ወደ መጋዘኑ ባለቤት ወደ ወይዘሮ ዘሀቢያ ዞረች። «ማስነሻው ያለ ቁልፍ ይሠራል?»

«አይሠራም። ቁልፉም አንድ ነው፤ ሸጋው ኪስ ውስጥ ተገኘ። ይሄ ልጅ ሌላ አስቀርጾ ይሆናላ!»

«ሰርኪቱን በቅርቡ ማን ነካው?»

ዘሀቢያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት ጋሽ ዘሩ ጠገኑት። ሬዲዮ ሠሪው፣ የሟቹ አባት።»

ቀትር ላይ፣ ቀብሩ እንዳበቃ፣ ደሞዝን፣ ዘሀቢያንና ጋሽ ዘሩን መጋዘኑ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ከሰርኪቱ ጋር በሞተሩ ፈንታ አምፖል አገናኝታለች። ማስነሻውን ቆልፋ ቁልፉን በእጇ ያዘች።

«ጠዋት ስሞክረው አልበራም» አለችና ሰርኪቱን ፀሐይ ላይ አኖረችው።

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከዚያ አምፖሉ ማንም ሳይነካው በራ። ደሞዝ አማተበ።

ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ኤሌክትሮኒክስ የተማረችው የሻረግ በጣቷ አንድ ቺፕ አሳየች። «ቁልፉ ትእዛዙን እንጂ ኃይሉን አይቆርጥም። እዚህ ውስጥ የታሸጉት ትራንዚስተሮች ትእዛዝ ሲቋረጥባቸው በሙቀት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያፈስሳሉ። ያቺ ጥቂት ራሳቸውን ለማስነሳት ትበቃለች። ስለዚህ ፋብሪካው ኤሌክትሪክ የሚገቱ ሬዚስተሮችን አብሮ ያሽግላቸዋል፤ አንዱ የሚገባውን ይመጥናል፣ ሌላው የፈሰሰውን ወደ መሬት ይሸኛል። በጥገና የገባው ይሄኛው ግን ምንም ሬዚስተር የለበትም። የሁለቱ ቺፖች መልክ አንድ ስለሆነ በዓይን አይለዩም።»

ጋሽ ዘሩ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። «የቺፑን እግር ቆጠርሁ፤ ልክ ነበር» አሉ። «በቺፑ ዙሪያ ሬዚስተር ሳጣ 'የሠራው ሰው ሰስቷል' ብዬ ሳቅሁ። ሬዚስተሩ ለካ በነቀልሁት በአሮጌው ቺፕ ውስጥ ኖሯል። ደግሞ የሞከርሁት በማለዳ ብርድ ነው… ሸጋው 'እጅህ ይባረክ' አለኝ።»

የሻረግ የደሞዝን ካቴና ፈታች። ሽማግሌው ፊቱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ትናንት በድንጋይ ላስወግርህ ነበር።»

ደሞዝ ክንዳቸውን ደግፎ ያዘ።

«ጋሽ ዘሩ» አለች የሻረግ ቀስ ብላ፣ «ይህን ዓይነት ቺፕ ሌላ ቦታ ገጥመዋል?»

«አብደራፊ። አንድ ማሽን ላይ።»

ወደ አብደራፊ ደወለች። ማሽኑ በሥራ ላይ ነበር፤ ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር እስኪቋረጥ ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች።

ጋሽ ዘሩ መንገዱን ተሻግረው ሱቃቸውን ከፈቱ። ከዚያው ዓይነት የቀሩትን አራት ቺፖች ከቆርቆሮ ጣሳ አወጡ። ዳግም እንዳይገጠሙ እግሮቻቸውን አንድ በአንድ ቆረጡ፤ የመጨረሻው ሲወድቅ መቁረጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።