የቦጋለ ጆሮ

እሁድ ከምሳ በኋላ አቶ ቦጋለ ጎፋ ባለው ቤታቸው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። የሳምንቱ የልብ ኪኒን ማስቀመጫ ሙልጭ ብሏል።

«ጃጅተው ነበር፤ መዋጣቸውን እየረሱ ደጋግመውት ነው» አለ የልጃቸው ባል ክብረት።

የእህታቸው የእትዬ ማናዬ ደም ፈላ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ውሸትን ግን በጠረኑ ይለዩታል። ወንድማቸው ሐሙስ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ሊቆሙ ነበር። የቤቱ መኪና ፉሪ ላይ እግረኛ ገጭታ ስታመልጥ ከነጂው ጎን የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጃቸው ቲናም ክብረትም «እኔ አልነዳሁም» ብለው ምለዋል።

«ስሚ ልጄ» አሏት ኢንስፔክተር ጸደንያን፤ «የገደለው በሰው ፊት ሳይዋረድ እኔ አልቅሼ አይወጣልኝም።»

ጸደንያ ከሬሳው ጆሮ የወጣውን የመስሚያ መሣሪያ በመዳፏ ጨበጠችው። የሚሠራ ቢሆን ሲጨበጥ ያፏጫል። ዝም አለ። የቤቱን ሠራተኛ ዶርቃን ጠራቻት።

«ምሳ ምን ሰጠሻቸው?»

«ሽሮ በውሃ። ኪኒናቸውንም አንድ ፍሬ። ከዚያ ከእትዬ ቲና ጋር ሀና ማርያም ለቅሶ ሄድን።»

«የዚህን ባትሪ ማን ይቀይራል?»

«ጋሼ ክብረት። ሰው አያስነካም።»

ክብረት መኪና ሲያጥብ እንደነበረ ተናገረ። «ጀርባቸውን ሰጥተው ቴሌቪዥን ሲያዩ በመስኮት ተጣራሁ። ‹አባባ፣ ኪኒኑን እንዳይደግሙ› ስላቸው ‹እሺ ልጄ› አሉኝ።»

በሠልስቱ ጸደንያ ቤተሰቡን ሳሎን ልታስገባ ስትል እትዬ ማናዬ ከለከሏት።

«እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተናገሪ። ሦስት ቀን ሙሉ ‹ምስኪን፣ ጃጅቶ› ሲሉት የከረሙት እነዚህ ናቸው። እነሱም ይስሙ።»

ለቀስተኛው ወደ እነሱ ዞረ።

«ሐኪማቸውን አነጋገርኩ» አለች ጸደንያ። «አምና በተነሱት የአንጎል ምስል፣ ድምፅ የሚቀበለውን ክፍል ከሚያስታውሰው ጋር የሚያገናኙት መስመሮች መሳሳት ጀምረው ነበር። ጆሮ ሲደክም አንጎል ያልሰማውን ቃል ሲገምት ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ለማስታወስ የሚተርፈው ያንሳል። ቢሰሙ ግን መድከሙ ሊዘገይ ይችላል ተብሎ መሣሪያው ታዘዘላቸው።»

ከመሣሪያው ያወጣቻትን ትንሽ ባትሪ አነሳች። «ይህች አየር ካልገባት አትሠራም። ጀርባዋ ላይ ያለው ስቲከር መላጥ አለበት። አልተላጠም። ተጠቅመንባቸዋል ተብለው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡት አሥራ አንዱም አልተላጡም። ሰውየው ወራት ሙሉ አልሰሙም።»

«እንደሚላጥ ማን ነገረኝ?» አለ ክብረት።

«ይሁንልህ። ታዲያ የሰው ከንፈር ካላዩ አንድ ቃል የማይለዩ ሰው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በመስኮት የተጣራኸውን እንዴት ሰሙ? ‹እሺ ልጄ› ያለህ ማን ነው?»

ክብረት ወደ ድንኳኑ በር ፈቀቅ አለ።

«አጠገባቸው የተገኘው ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ ነበረበት፤ ጁሱ ውስጥ የተፈጨ ኪኒን። ዶርቃ ውሃ ነው የሰጠቻቸው፤ ግቢ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። መጀመሪያ እንዳይሰሙ አድርገህ ጃጅተዋል አስባልካቸው፣ ምስክርነታቸው እንዳይታመን። ዳኛው ‹ግድ የለም፣ ይቅረቡ› ሲሉ ገደልካቸው።»

ቲና ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አባቴን ሐኪም ቤት ሳመላልሰው፣ አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ታጽናናኝ ነበር።»

ክብረት እትዬ ማናዬ እግር ላይ ወደቀ። «እትዬ፣ ይማሩኝ» አለ በሹክሹክታ።

እትዬ ማናዬ ከዕድሩ ዳኛ እጅ የድምፅ ማጉያውን ተቀብለው አፉ ላይ ደገኑት።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙህም። ማን እንደነዳ፣ ማን እንደገደለ፣ አንድ በአንድ።»

«እኔ ነኝ የነዳሁት» አለ ክብረት። ድምፁ ከድንኳኑ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ፤ መንገደኛው ቆመ። «እሳቸውንም... እኔ ነኝ።»

ፖሊሶቹ ሊያነሱት ጎንበስ አሉ። እትዬ ማናዬ በእጃቸው አገዷቸው፤ ማጉያውንም ከአፉ አልነቀሉም።

«ድገመው» አሉት።