የእድላዊት እሺ

እድላዊት አሥር ዓመቷ ነው። አራተኛ ክፍል ናት። ቤቷ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳው ላይ ዘወትር ሰማያዊ የፋብሪካ ቱታ የሚሰጣበት ቤት ነው። ቱታው የእናቷ የወይዘሮ ሥርጉት ነው። ወይዘሮ ሥርጉት ክር ፋብሪካ ይሠራሉ።

ጎረቤት ስለ እድላዊት ሲያወራ "ያቺ ታዛዥ ልጅ" ነው የሚላት። "እድልዬ፣ ሱቅ ድረሽልኝ" ሲሏት "እሺ!" ትላለች። "እድልዬ፣ ሕፃኑን ያዥልኝ" ሲሏትም "እሺ!" ነው። እምቢ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

መልካም ልጅ ናት አይደል ልጆች? ቆዩ፣ ገና ነው። እሺ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያሉትን መፈጸም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እድላዊት አፏ ፈጣን ነው። እግሯ ግን ያው እንደ ሰው ሁለት ብቻ ነው።

ሰኔ ገባና የትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ ሳምንት ደረሰ። ሰኞ ጽዳት፣ ማክሰኞ ችግኝ ተከላ፣ ረቡዕ ጥያቄና መልስ፣ ሐሙስ ስፖርት፣ ዓርብ የወላጆች ቀን። ግቢው የሰርግ ቤት መሰለ። አንዱ መጥረጊያ ተሸክሞ ይሮጣል። አንዱ ከበሮ ፍለጋ ይዞራል። ሚኒ ሚዲያው ጠዋትና ማታ "ሄሎ! ሄሎ! አንድ፣ ሁለት!" ይላል።

ሰኞ ከሰልፍ በኋላ የስፖርት መምህሩ ቲቸር ቃልቤሳ እድላዊትን ጠሯት።

"ሐሙስ ዱላ ቅብብል ላይ ለአራት ሀ መጨረሻ የምትሮጪው አንቺ ነሽ። በየእረፍቱ ሜዳ ላይ ልምምድ አለ። ትመጫለሽ?"

"እሺ ቲቸር!"

ገና አሥር እርምጃ ሳትሄድ የአማርኛ መምህርቷ ቲቸር አሰጋሽ አገኟት። የዓርቡን ዝግጅት የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

"ዓርብ ወላጆች ፊት የሚቀርብ ጭውውት አለ። 'ውኃና ሳሙና' ይባላል። አንቺ ውኃ ነሽ፣ ጋዲሴ ሳሙና ናት። በየእረፍቱ አብራችሁ ተለማመዱ። ረቡዕ እጠይቃችኋለሁ።"

"እሺ ቲቸር!"

አያችሁ ልጆች? እረፍቱ አንድ፣ እሺው ሁለት።

ጋዲሴ የክፍሏ ልጅ ናት። ቤታቸው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ነው። ሰፈሩ በሙሉ የጤፍ ማሳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነው ያለው። እቤት ኦሮምኛ ስለሚያወሩ ጋዲሴ አማርኛ ስትናገር ቀስ ትላለች። እንዳይስቁባት ትፈራለች። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ ያየ የለም። ዘንድሮ ግን ቲቸር አሰጋሽ "አንቺ ትችያለሽ" ብለው ስሟን ጻፉት።

በዚህ ከሁሉ በላይ የተደሰቱት አያቷ አባባ ኦላና ናቸው።

"ስድስት ልጅ አስተምሬያለሁ" ይላሉ። "ትምህርት ቤት የተጠራሁት መስታወት ሲሰበር ብቻ ነው። አሁን ገና ለደግ ነገር ልጠራ ነው!" ይህንን ለዘበኛውም ነገሩት፣ ለባለሱቁም ነገሩት፣ ለሚኒባሱ ረዳትም ነገሩት። ረዳቱ "እሺ አባባ፣ ሒሳብ" ቢላቸው እንኳ አላቋረጡም።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ጋዲሴ የጭውውቱን ወረቀት ይዛ የውኃው ሮቶ ሥር ቆመች። እድላዊት በአጠገቧ እየሮጠች አለፈች።

"እድል! ነይ እንጂ፣ እንለማመድ!"

"እሺ፣ መጣሁ!"

አልመጣችም። ሜዳ ላይ ዱላ ስትቀባበል ደወል ተደወለ።

ማክሰኞ ሁሉም ችግኝ ተክሎ እጁ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ጋዲሴ እጇን ታጥባ መጥታ ሮቶው ሥር ቆመች።

"እድል፣ ዛሬስ?"

"እሺ አልኩሽ እኮ!"

"ትናንትም እሺ ብለሽኝ ነበር።"

"ነገ! የምሬን ነው፣ ነገ!"

ጋዲሴ ምን ታድርግ? ብቻዋን ጀመረች። ወዲህ ዞራ ሳሙና ትሆናለች። ወዲያ ዞራ ውኃ ትሆናለች። አቢ የሚባለው አፈኛ የክፍላቸው ልጅ አየና "ኑ እዩ! ጋዲሴ ከሮቶ ጋር ታወራለች!" ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ሳቁ። ጋዲሴ ግን ወረቀቱን አልጣለችም።

ረቡዕ እረፍቱ አልቆ፣ እድላዊት ከሜዳ በላብ ተነክራ ስትመለስ ቲቸር አሰጋሽ ኮሪደር ላይ አገኟት።

"እህሳ፣ ውኃና ሳሙና እንዴት ሆነ? ተለማመዳችሁ?"

እድላዊት "እኔ ነኝ ያልሄድኩት" ማለት ነበረባት። ነገር ግን "ታዛዥ ልጅ" የሚለውን ስሟን ወደደችው። ስሟን ለማዳን የሌላ ሰው ስም አነሳች።

"ቲቸር... ጋዲሴ ናት። ስጠራት አትመጣም። ትፈራለች።"

ቲቸር አሰጋሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም ይኼንኑ ፈርቼ ነበር። እንግዲህ ጭውውቱ ይቅር። አንቺ ብቻሽን ግጥም ታነቢያለሽ። ትችያለሽ?"

"እሺ ቲቸር።"

ይቺ እሺ ግን እንደ ሌሎቹ ቀላል አልነበረችም። 

ቲቸር አሰጋሽ ክፍል ገብተው፣ ዝርዝሩን አውጥተው፣ የጋዲሴን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። "አይዞሽ፣ ለሚመጣው ዓመት" አሏት። ጋዲሴ አልተከራከረችም። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ማታ ሲለቀቁ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ግን እድላዊትን ጠብቃ ቆመች።

"ለአባባ ምን ልበላቸው?" አለቻት።

"እሺ" አለች እድላዊት።

እሺ የዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል? አይሆንም። አፏ የለመደው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ጋዲሴ አንዴ አየቻትና ሄደች።

እድላዊት ሦስቱን ፎቅ እየተጎተተች ወጣች። ወይዘሮ ሥርጉት ልብስ እያጣጠፉ ነበር። ልጃቸው ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት እንዳመጣች አዩ።

"ምን ሆንሽ? አሞሻል?"

"እማዬ... ለቲቸር እምቢ ይባላል?"

"እምቢማ አይባልም። ምነው?"

እድላዊት ማልቀስ ጀመረች። ሁሉንም ተናገረች። ሮቶውን፣ ሜዳውን፣ ቀዩን እስክሪብቶ። ወይዘሮ ሥርጉት አልጮኹባትም፣ አልቆነጠጧትም። አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ስሚኝ። እምቢ ሌላ፣ አልችልም ሌላ። እምቢ ኩራት ነው። አልችልም ግን እውነት ነው። እኔ ሁለት ማሽን ነው የምይዘው። አለቃዬ ሦስተኛ ጨምሪ ቢለኝ፣ ለይሉኝታ እሺ ብዬ ክሩ ሁሉ ቢበጣጠስ ማን ይጠቀማል?"

"ማንም።"

"እሱ አንድ። ሁለተኛው ግን ይብሳል። የሰው ልጅ ስም አጥፍተሻል።"

"አንቺ መጥተሽ ለቲቸር ብትነግሪልኝስ?"

"እኔ? አልመጣም! ያጣመምሽው አንቺ፣ የምታቀኚውም አንቺ።"

ሐሙስ ጠዋት እድላዊት ከእናቷ ቀድማ ተነሳች። ፊቷን ታጥባ ለጸሎት ቆመች። አባታችን ሆይን ጀመረች። ይቅር በለን የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ አንደበቷ ተያዘ። ከዚያ በራሷ ቃል፣ "እግዚአብሔር ሆይ፣ እውነቱን ተናግሬ እስክጨርስ እንዳልሸሽ አድርገኝ" አለች። ቦርሳዋን አንግታ ወረደች። ዛሬ አልተጎተተችም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ነው የዘለለችው።

በቀጥታ መምህራን ማረፊያ ገባች። መምህራኑ ሻይ ይጠጣሉ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። ግን አልተመለሰችም።

"ቲቸር አሰጋሽ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ጋዲሴ ሦስቱንም ቀን መጥታለች። ያልሄድኩት እኔ ነኝ።"

 ቲቸር አሰጋሽ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ለምን እንደዚያ አልሽ?"

"እንዳይቆጡኝ ብዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግጥሙን ይውሰዱብኝ፣ ጋዲሴን ግን ይመልሷት።"

"ፕሮግራሙ እኮ ተዘጋጅቶ አልቋል፣ እድላዊት።" ቲቸር አሰጋሽ ጥቂት አሰቡ። "በይ እንግዲያው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለታችሁም ያለ ወረቀት ካቀረባችሁልኝ እመልሰዋለሁ። ከተደነቃቀፋችሁ ግን የለም። ነገ ወላጅ ፊት ላሳፍራችሁ አልፈልግም።"

ዱላ ቅብብሉ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጭውውቱን ግን እድላዊት አንዴም አላጠናችውም። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ እንደማይሆን አወቀች። ወደ ሜዳው ሄደች።

"ቲቸር ቃልቤሳ፣ ዛሬ መሮጥ አልችልም።"

"ምን? አሞሻል እንዴ?"

ልጆች፣ እዚህ ጋ አስተውሉ። "አዎ፣ ሆዴን" ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"አላመመኝም። አንድ ጊዜ ላይ ለሁለት ሰው እሺ ብዬ ነው። ለጋዲሴ ያልኩትን ሦስት ቀን ሙሉ አልፈጸምኩም። ዛሬ ካልፈጸምኩ ከነገው ዝግጅት ትወጣለች።"

"ታዲያ ይኼ ዛሬ ይነገራል?" አሉ ቲቸር ቃልቤሳ ተቆጥተው። "ሰኞ ብትነግሪኝ ሌላ ልጅ አዘጋጅ ነበር!"

"ልክ ነዎት። ጥፋቴ ነው።"

ፊሽካቸውን ነፉና ማርቲ የምትባል የክፍሏን ልጅ በእሷ ቦታ አስገቡ። አቢ ግን ዝም አላለም።

"ከሃዲ! ብንሸነፍ ማንም አያናግርሽም፣ እወቂው!"

እድላዊት ዓይኗ እንባ ሞላ። ግን አልተመለሰችም። ጋዲሴን ክፍል ውስጥ አገኘቻት።

"ጋዲ፣ ይቅርታ። ቲቸርን በአንቺ ላይ ዋሽቻቸው ነበር። ዛሬ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ሊፈትኑን ነው።"

ጋዲሴ ወረቀቷን አላወጣችም። "ደግሞ እሺ ብለሽ ልትጠፊ ነው?"

"አይደለም። ይኸው ቁጭ ብያለሁ። እስክንጨርስ አልነሳም።"

ጀመሩ። እድላዊት ሳተች። ጋዲሴ አረመቻት። እንደገና ሳተች። እንደገና ጀመሩ። ምሳቸውን እንኳ አንድ ጉርሻ አንድ መስመር፣ አንድ ጉርሻ አንድ መስመር እያሉ ነው የበሉት። ሰባት ተኩል ሆነ። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። "አራት ሀ! አራት ሀ!" ይላሉ። እድላዊትን እግሯን በላት።

"ከፈለግሽ ሂጂ" አለች ጋዲሴ ቀስ ብላ።

"አልሄድም። ከ'አረፋዬ' ጀምሪ።"

አራት ሀ ሦስተኛ ወጣ። አቢ ለፋ፣ ማርቲ ለፋች፣ ግን አልሆነም። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱ ልጆች ቲቸር አሰጋሽ ፊት ቆሙ። የጭውውቱን አሥራ ስድስት መስመር አንድ ሳይስቱ አሉት። ቲቸር አሰጋሽ ዝርዝሩን አወጡ። የጋዲሴን ስም ከላይ፣ የእድላዊትን ከሥሯ አድርገው እንደገና ጻፉት።

ዓርብ ግቢው በድንኳንና በፕላስቲክ ወንበር ሞላ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሰው ግን አልቀረም። ወይዘሮ ሥርጉት ሽፍት ቀይረው መጡ። አባባ ኦላና ኮታቸውን ለብሰው ፊት ለፊት፣ የክብር እንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አስተናባሪው "አባቴ፣ ይኼ የእንግዳ ነው" ቢላቸው "እኔስ ምንድን ነኝ? ተጠርቼ እኮ ነው የመጣሁት!" አሉት። ሌላ ወንበር ለእንግዳው ተፈለገ።

ጋዲሴ ማይኩን ያዘች።  እድላዊት አጠገቧ ቆማለች። ጋዲሴ ጀመረች፦

"አረፋዬ ነጭ ነው፣ ሽታዬም ያማረ፤
ያለእኔ ማን አለ እድፍን ያባረረ?"

እድላዊት መለሰችላት፦

"ደረቅ ሆነህ ሳለህ ምን ትሠራለህ?
እኔ ካልነካሁህ ድንጋይ ትመስላለህ!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጋዲሴ ሳቁ በእሷ ላይ እንዳልሆነ ገባት። ድምፅዋ ከፍ አለ። እስከ መጨረሻው ድረስ እንደዚያው ከፍ እንዳለ ቀጠለ። አባባ ኦላና ገና ሳያልቅ ተነስተው አጨበጨቡ። ከኋላ "አባባ፣ ይቀመጡ፣ ከለሉን!" ተባሉ፤ ማን ሰምቶ!

ሲያበቃ አባባ ኦላና ወደ ልጆቹ መጡ። ጋዲሴን ግንባሯን ሳሟት። እድላዊትን ትከሻዋን ያዙ።

"አንቺ ደግሞ ውኃዋ ነሽ። ነገ ቤታችን መጥተሽ እርጎ ትጠጫለሽ። ትመጫለሽ?"

እድላዊት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። አሰበች።

"ነገ አልችልም፣ አባባ። ነገ ከእናቴ ጋር ልብስ አጥባለሁ። እሑድ ከሰንበት ትምህርት ቤት መልስ ብመጣስ?"

"እሑድ ይሁን" አሉ።

አቢ አኩርፎ ሳምንቱን ጨረሰ። እድላዊትም ቻለችው፤ በጥፋቷ የመጣ ነውና። እሑድ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስትወጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጃንጥላ አልነበራትም። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጭቃውን እየዘለለች፣ እንደ ቃሏ የጋዲሴን ቤት በር አንኳኳች።

ልጆች፣ እሺ ያላችሁትን ፈጽሙ፣ የማትችሉትን በትሕትና አልችልም በሉ፣ ጥፋታችሁንም በሌላ ሰው ላይ አታላክኩ፤ እግዚአብሔር እውነተኛ ልጅን ይወዳልና።