የኋላው ገመድ

ቦኖሻ ላይ አረፋ ሲቃረብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ወሬ የኮርማ ወሬ ነው። የእነማን ኮርማ ከየት መጣ፣ ሻኛው ምን ያህላል፣ ማን መረጠው፤ በገበያም በወፍጮ ቤትም ሌላ ጨዋታ የለም። ሰባት ሰባት አባወራ እየሆኑ አንድ ኮርማ ለኡድሂያ፣ ለበዓሉ የመሥዋዕት እርድ፣ ይገዛሉ። የተገዛውም ኮርማ ዝም ብሎ ወደ ከተማው አይገባም። በበዓሉ ዋዜማ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ወጣቶች ከፊት ከፊቱ እየሮጡ፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ እያጨበጨበ በዋናው መንገድ ያልፋል።

ደስታው ክፉ አልነበረም። ሥርዓትም ነበረው። ኮርማው አንድ ገመድ ከቀንዱ፣ አንድ ገመድ ከኋላ እግሩ ይታሰርለታል። የቀንዱን ሁለት ጎልማሶች ይዘው ከፊት ይመሩታል፤ የኋላውን አንድ ብርቱ ሰው ይዞ ይከተላል። ኮርማው ወደ ሰው ዞር ሲል የኋላው ሰው ሳብ ያደርገዋል፤ እንስሳው በሦስት እግሩ ይቀርና ይቆማል። ነገር ግን የሰው ዓይን ከፊት ነው። በቀንዱ በኩል ያለው ይጨበጨብለታል፣ ከፊት የሚሮጠው እልል ይባልለታል፤ የኋላውን ሰው ግን ወጣቶቹ "ጭራ ያዥ" እያሉ ይስቁበታል።

ደርግ በነበረበት ዘመን፣ አረፋ በነሐሴ ጭቃ ላይ በዋለበት ዓመት፣ የአንደኛውን ማኅበር ኮርማ የመረጠው አብዱራህማን የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ኮርማው ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለበት። ብላቴ ወንዝ ዳር ድረስ ሄዶ፣ ከስንቱ መንጋ መሀል ለይቶ ያመጣው እሱ ስለሆነ አብዱራህማን እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ኮርማውን ከተማው ጫፍ ላይ ሲቀበለው ግን ልቡ ድንግጥ አለ። የኋላው ገመድ በረዥሙ መንገድ እግሩን ፍቆት ጠጉሩ ተልጦ ነበር።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ ጎንበስ ብሎ።

"ገመዱ ነው። ቆዳውን አልነካውም፤ ጠጉር ብቻ ነው" አለው ጠና። ጠና ጎረቤቱ ነው፤ በየዓመቱ የኋላውን ገመድ የሚይዘውም እሱ ነበር።

"ነገ ቢያነክስስ? እንከን ያለበት ከብት ለኡድሂያ እንደማይሆን ጠፍቶህ ነው? ሼሁ 'ይሄ አይሆንም' ቢሉ ሰባት ቤት ፊት ምን ይዤ እቆማለሁ? ፍታው!"

ጠና ገመዱን አልለቀቀም። "ኮርማ በቀንዱ ይመራል እንጂ በቀንዱ አይያዝም። እኔ ስድብ የምጠጣው ወድጄ መሰለህ?"

ሰፊያ፣ የአብዱራህማን ሚስት፣ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር አጥር ጥግ ቆማ ትሰማ ነበር። ወደ ቤት ገባ ብላ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ ይዛ መጣች።

"የሀዋ አባት" አለችው ባሏን በልጃቸው ስም ጠርታ፣ "ለምን ይፈታል? ይህንን ከገመዱ ሥር ጠቅልሉለት። እግሩም አይፋቅም፣ ሰውም አይፈራም።"

ከፊት ለመሮጥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለው ከማል ሳቁን ለቀቀው። "ካልሲ! ለኮርማው ካልሲ መጣለት! ጋሼ አብዱራህማን፣ በዚያው ጫማም ይግዙለትና ትምህርት ቤት ያስገቡት!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አብዱራህማንም ሳቀ። ሰፊያ ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ቀረች። የሰው ሳቅ የስንቱን ቤት ምክር እንዳስጣለ ቢቆጠር ኖሮ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም በሰው ምክር አይስቅም ነበር።

"ፍታው ብያለሁ" አለ አብዱራህማን። ጠና ገመዱን ፈታና ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለው። "እንግዲህ ከኋላ የሚሄደው አንተ ነህ" ብሎትም ወደ ጎን ወጣ።

የአብዱራህማን ታናሽ ወንድም ሀሰን አናጢ ነው። ሱቁ ዋናው መንገድ ዳር ነበር። ከአረፋ በኋላ አሚናን ሊያገባ ቀን ተቆርጦለት፣ የሠርጉን አልጋ በገዛ እጁ ሠርቶ ጨርሶ፣ ያን ዕለት ራስጌውን ሲያለሰልስ ነበር የዋለው። ጭብጨባው ሲቀርብ እንጨት መላጊያውን አስቀምጦ በሩ ላይ ወጣ። መሮጥ አይወድም፤ ማየት ግን ማን ይጠላል? ሰው እየበዛ ሲሄድ ተገፋፍቶ ከበሩ ራቀ፤ ከኋላው በሩን ተመልካች ሞላው። በየዓመቱ እንደዚያው ነው የሚቆመው። ሰው መንገዱ ላይ ይወጣል እንጂ ከአጥር ጀርባ ሆኖ የሚያይ የለም።

"ሀሰኖ፣ አልጋው አለቀ ወይ?" አለው በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ።

"አልጋውስ አለቀ፤ የሚተኛበት ነው የቸኮለው!" አለ ሀሰን፤ በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ሊያስቃቸው ፊቱን ወደ እነሱ፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር።

ካፊያ ጀመረ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ጥቁር ጃንጥላ ፏ አድርጎ ከፈተ። ክፋት አልነበረውም፤ ልብሱ እንዳይረጥብ ነው። ኮርማው ግን ከዓይኑ ሥር ድንገት ከተዘረጋው ጥቁር ነገር ሸሽቶ ወደ ቀኝ ተወረወረ። የቀንዱን ገመድ የያዙት ሁለቱም ጭቃው ላይ ተንሸራትተው በደረታቸው ወደቁ። እነከማል ፈጣኖች ናቸው፤ አመለጡ። ተመልካቹ ወደ ሱቁ በር ተጋፋ፤ በሩም ጠቦ ታፈነ።

አብዱራህማን ከኋላ ነበር። ሮጦ ደረሰ፣ ጎንበስ አለ፣ እጁን ዘረጋ። እጁ ገመዱን ፈለገ። ገመድ አልነበረም። ያ እሱ የሳሳለት እግር ጭቃውን ረግጦ በፊቱ አለፈ።

ቀንዱ ሀሰንን ከወገቡ በላይ ከጀርባው አገኘው።

ኮርማው ከዚያ በኋላ ማንንም አልነካም። ትንሽ ሄዶ አጥር ዳር ቆመና ሣር ይነጭ ጀመር። ሰው ግን ሀሰን ላይ ተረባረበ። አንዱ ክንዱን፣ አንዱ እግሩን፣ አንዱ ብብቱን ይዞ "አንሱት! አንሱት!" እየተባባለ እንደ ጆንያ ብድግ አደረገው። የክሊኒኩ ድሬሰር ወልደኪዳን ከሩቅ እየሮጠ "አታንቀሳቅሱት! ሳንቃ አምጡ፣ ጠፍጣፋ ነገር አምጡ!" እያለ ሲጮኽ የሰማው የለም። ሲደርስ ሀሰን መሀሉ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። በመጨረሻ ከሱቁ አልጋው ወጣ። ገና ፍራሽ ያልተነጠፈበትን የሠርግ አልጋ ተሸክመው ክሊኒክ ወሰዱት፤ ከዚያም እህል የጫነ መኪና ለምነው፣ በአልጋው እንዳለ ከጆንያው ላይ ጭነው ወደ ሆሳዕና ይዘውት ሄዱ።

ሐኪሙ አከርካሪው መጎዳቱን ተናገረ። "ከወገብ በታች ተስፋ የለውም" አለ በሐዘን። ጉዳቱን ያደረሰው ቀንዱ ይሁን አነሣሡ ግን ሊናገር አልቻለም። አብዱራህማን ያንን ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፤ ዛሬም ድረስ ይዞት አለ።

በበዓሉ ጠዋት፣ አብዱራህማን ሆሳዕና ወንድሙ ራስጌ ተቀምጦ ሳለ፣ ቦኖሻ ላይ ሼሁ ኮርማውን ዞረው አዩት። ዓይኑን አዩ፣ ቀንዱን አዩ፣ እግሩን አንድ በአንድ ዳሰሱ። "እንከን የለውም፤ ይሆናል" አሉ። እውነታቸውን ነበር። ከብቱ አንድም ጭረት አልነበረበትም። ሰፊያ ለቤቷ የደረሳትን ሥጋ ከእጇ ሳታስገባ ለሚስኪኖች ሰጠችው።

ሀሰን ቤት ተመልሶ በዚያው አልጋ ላይ ተኛ። አሚና ሁለት ጊዜ መጥታ አየችው። ሦስተኛ ልትመጣ ስትል እሱ ራሱ ሽማግሌ ላከና "ሕይወቷን ትኑር" አላቸው። ሽማግሌዎቹም የእሷ ቤተሰቦችም አልተከራከሩትም። ያ አለመከራከር ከቀንዱ ይልቅ እንደወጋው ያወቀችው ማታ ፊቱን የምታጥበው ሰፊያ ብቻ ናት።

ዓመቱ ሳይጋመስ ከማል ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ከመሄዱ በፊት መጥቶ አልጋው እግር ሥር ተንበረከከ።

"ጋሼ ሀሰን፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አውፍ ይበሉኝ። በዚያ ጨርቅ የሳቅሁት እኔ ነኝ።"

ሀሰን ራሱ ላይ እጁን ጫነለት። "አውፍ ብዬሃለሁ። አንድ አደራ ግን አለኝ። እዚያም ከፊት ከፊት አትሩጥ።"

ከማል ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

የሚቀጥለው አረፋ በሐምሌ መጨረሻ ዋለ። ከበዓሉ በፊት ባለው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ አብዱራህማን መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተነሥቶ ቆመ። ዓመቱን ሙሉ ከሰው ጋር እምብዛም ያልተነጋገረ ሰው ነውና ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

"ኮርማ አይምጣ አልልም፤ ደስታችሁንም አልከለክልም" አለ። "እኔ ለአንድ እግር ጠጉር ሳስቼ ለወንድሜ ወገብ ሳልሳሳ ቀረሁ። እባካችሁ የኋላው ገመድ አይፈታ። እግሩ እንዳይፋቅ ጨርቅ ይጠቅለልበት። የሚያይ ሰው ከአጥር ውስጥ ሆኖ ይይ፤ በር ላይ አይታፈን፤ ማንም ጀርባውን አይስጥ። ጃንጥላ አይከፈት። ሕፃናት ቤት ይቆዩ። ሰው ደግሞ ከተጎዳ፣ አላህ ያርቀው እንጂ፣ በእጅና በእግሩ ጎትታችሁ አታንሡት፤ በጠፍጣፋ ነገር አንሡት።"

"አሚን፣ አሚን" አለ ሕዝቡ። ብዙዎች ዕንባቸውን ጠረጉ።

በዋዜማው አብዱራህማን ራሱ ተንበርክኮ የሰፊያን ጨርቅ በኮርማው እግር ላይ ጠቀለለ፤ ገመዱንም ከላይ አሰረ። ጠና "ስጠኝ፣ የእኔ ሥራ ነው" ቢለውም አልሰጠውም። መንገዱን ሙሉ ከኋላ ሄደ። "ጭራ ያዥ! የበርበሬ ነጋዴ ጭራ ያዥ ሆነ!" የሚል ድምፅ ከአጥር ወዲያ ሰማ፤ ዞር ብሎም አላየ። ኮርማው ሁለት ጊዜ ሊዞር ሞክሮ ሁለት ጊዜ ቆመ። ማንም ሳይነካ ገባ።

"ዘንድሮ አይደምቅም" አሉ ወጣቶቹ መሀል መንገድ ላይ። "የታችኛው መንደር ኮርማ ጥሩ ይሮጣል አሉ።" ከዚያም አንድ በአንድ እየሾለኩ ወደ ታች ወረዱ። አሚን ያሉ አባቶችም ተከትለዋቸው ወረዱ።

አብዱራህማን ኮርማውን አስሮ ገመዱን በእጁ እንደያዘ ወደ ወንድሙ ክፍል ገባ። ከታች ጭብጨባና ፉጨት ይሰማ ነበር። ሀሰን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያዳምጣል። ድንገት ጩኸቱ ተሰበረ። ያው ሕዝብ ነው፣ ያው ድምፅ ነው፤ ግን ሌላ ጩኸት ሆነ።

"ጋሼ" አለ ሀሰን።

"ሰምቻለሁ።"

"መሬት አውርዱኝ።"

"ምን?"

"መሬት አውርዱኝና አልጋውን ውሰዱላቸው። ቶሎ! በእጅና በእግሩ ሳያነሱት!"

ሰፊያ ሰሌን አነጠፈች። ቀስ አድርገው አወረዱት። አብዱራህማንና ጠና አልጋውን በትከሻቸው አንሥተው በጭቃው ቁልቁል ሮጡ። ሲደርሱ ሰው ክብ ሠርቶ ይተራመሳል፤ ክንድ የያዘ አለ፣ እግር የያዘ አለ። "አስቀምጡ! እጃችሁን አንሡ!" አለ አብዱራህማን፤ ድምፁ እንደ ዕብድ ድምፅ ነበር። ከማዶ፣ አጥር ዳር፣ አንድ ቀይ ኮርማ ቆሞ ሣር ይነጫል። የኋላ እግሩ ባዶ ነው፤ ገመድም ጨርቅም የለበትም።

አልጋውን መሬት ሲያሳርፉ ከተሰበሰቡት አንዱ የተላገውን ራስጌ እያየ ጠየቀ።

"የማን አልጋ ነው?"

አብዱራህማን ቀና ብሎ አየው። ዙሪያውን የቆሙትንም አያቸው፤ ጁምዓ ዕለት ከፊቱ ተቀምጠው ያለቀሱት ነበሩ።

"የወንድሜ ነበር" አለ። "እንዲህ ከቀጠልን የሁላችንም ነው። ያዙ በሉ፣ ቀስ ብላችሁ።"