አባዬ ያልሰማው ድምፅ

«ዝናቡ ምን እያለ ነው፣ ጆሮዬ?» አለ አባቷ፣ መስኮቱ ሥር እንደተቀመጠ አንገቱን ወደ እሷ አዙሮ።

ልጅቷ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ፣ ከንፈሯን እንዲያነብ አጉልታ «ጠብ ጠብ ብቻ!» አለችው። ትንሽ ቆይቶ ዞር ሲል፣ «አሁን ቆርቆሮው ላይ ሿ! አሸንዳው ደግሞ ፏ!» አባቷ ሳቀና ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ይሠራበት የነበረው የወፍጮ ቤት ጩኸት ዓመት ከዓመት ጆሮውን ሲበላው ኖሮ በመጨረሻ ጨርሶ ነጥቆታል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ውሃ ሲፈስም ሆነ ዕቃ ሲወድቅ ለአባት መንገር ሕግ ነው። የዋዛ አድማጭ እንዳይመስላችሁ! አንድ ቀን ድንች ወድቆ «ዷ» ብትለው፣ «ድንች ዱብ ነው የሚለው፤ ዷማ ወንድምሽ ከአልጋ ሲወድቅ ነው» ብሎ አርሟታል። ለጎረቤት ደግሞ፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔዋ ግን ሥጋዬ ናት» እያለ ይኩራራባታል። ብታፍርም ደስ ይላታል።

ዛሬ የአባቷ ብርጭቆ ከእጇ ያመለጣት ስታለቀልቀው ነው። ያ ትልቁ፣ ባለ እጀታው፤ ጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ የሰጡት፣ ከእሱ በቀር ማንም የማይጠጣበት። ከሽ አለና ወለሉ ላይ እንክትክት አለ።

ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ዝናቡን ያያል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ጠርጋ ብትጥለው፣ ነገ «ብርጭቆዬስ?» ሲል «እኔ እንጃ» ብትለው ማን ይነግርባታል? ጆሮው እንደሆነ እሷው ናት። ስብርባሪውን ማፈሻው ላይ ሰበሰበችና ወደ ቆሻሻ መጣያው አመራች።

«ያመለጠኝ ነገር አለ?» አለ እሱ፣ ዓይኑን ከዝናቡ ሳይነቅል። መልሱን ለማየት የሚዞረው ሁልጊዜ ዘግየት ብሎ ነው።

«የለም» አለች ለጀርባው። አላየም፣ አልሰማም። እሷ ግን የገዛ ቃሏን ሰማችው፤ አስጠላት።

ሳይዞር ቀድማ፣ ማፈሻውን እንደያዘች ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ከሽ አለ» አለችው ቀስ አድርጋ። «ያንተ ብርጭቆ። ከእጄ አመለጠኝ።»

ስብርባሪውን አየው። ከፍቶታል፤ አልደበቀውም። ከዚያ እንዳልተቆረጠች ለማየት ጣቶቿን አገላበጠና፣

«እኔ እኮ አልሰማሁም ነበር» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለችው። «ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።»