ሳትነክስ የመጣ ፈገግታ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን አላየሁም አልልም። ሰዉ "ደረቅ ሴት" ይለኛል፤ ደረቅ ሰው ደግሞ ወሬ ፈጥሮ ማጣፈጥ አያውቅበትም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ...

እኔና ታናሽ እህቴ መኝታ ቤት፣ መስታወቱ ፊት ተቀምጠናል።

የእህቴ ግራ ፊት ሽባ ከሆነ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ውሃ ስትጠጣ በአፏ ጥግ ይንጠባጠባል። ልጇ ፎቶ እንነሳ ሲላት ትደበቃለች።

ሐኪሞች ከጭኗ ሥጋ ወስደው ጉንጯ ውስጥ ሰፉላት። ከማኘኪያዋ ነርቭ ጋር አገናኙት። ጥርሷን ስትነክስ ጉንጯ ይነሳል፤ ፈገግታ ይሆናል ተባለ።

"በቃ፣ ፊቴ እግር አወጣ!" ብላ ቀልዳ ነበር።

ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ። በየቀኑ ሁለት ጣቴን መንጋጋዋ ላይ አድርጌ "ንከሺ" እላታለሁ። መንጋጋዋ ከጠጠረ ነክሳለች ማለት ነው።

ስምንት ወር ሙሉ ነከሰች። መንጋጋዋ ይጠጥራል... ጉንጯ ግን ወይ ፍንክች!

ያን ቀን አለቀሰች።

"ተይው እትዬ... አይሆንም።"

"አይሆንም የሚባል ነገር አላውቅም! ካስፈለገ የእኔን ውሰጂ። እኔን ሳቅ ምን ያደርግልኛል?"

ሁለት ጣቴን መልሼ መንጋጋዋ ላይ አደረግሁ።

ከዚያ... ጉንጯ ተነሳ።

እልል ልል ስል ጣቶቼ አስቆሙኝ። መንጋጋዋ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው።

አልነከሰችም።

"እንዴት አደረግሽው?"

"እኔ አይደለሁም..." አለች በሹክሹክታ።

ጠጋ ብዬ አየኋት። ጉንጯ ላይ ስርጉድ አለ። እህቴ ደግሞ ስትፈጠርም ስርጉድ አልነበራትም።

ስርጉድ ያለኝ እኔ ነኝ። ግራ ጉንጬ ላይ።

ልረጋጋ ብዬ አጠገቤ ያለውን የውሃ ብርጭቆ አንስቼ ተጎነጨሁ።

ውሃው... በግራ አፌ ጥግ ተንጠባጠበ።

እህቴ አየችው። ተነስታ ከኋላዬ ቆመችና ሁለት ጣቷን መንጋጋዬ ላይ አሳረፈች።

"ንከሺ፣ እትዬ..."

ነከስኩ።

ግራ ፊቴ ንቅንቅ አላለም።

መስታወቱ ውስጥ፣ ከትከሻዬ በላይ፣ እህቴ አፏ ተከፍቶ እንባዋ ይወርዳል...

በነከስኩ ቁጥር ግን ፈገግ ትላለች።